ሁለት ጊዜ 42 ቀን፦ የኒኪ ላውዳ 1976

ኦክቶበር 24 ቀን 1976 ጃፓን ውስጥ፣ ፉጂ በተባለው የመኪና መወዳደሪያ፣ የዓመቱ የመጨረሻ የፎርሙላ ዋን ውድድር ተካሄደ። ሻምፒዮኑ ገና አልለየም ነበር። ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ 68፣ እንግሊዛዊው ጄምስ ሀንት 65 ነጥብ ይዘው ቀረቡ። ዝናቡ ዶፍ ነው። ላውዳ ሁለት ዙር ነዳና መኪናውን ወደ ቡድኑ ማቆሚያ አስገብቶ ወረደ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ሀንት ቀጠለ፣ ሦስተኛ ወጣ፣ በ69 ለ68 ዋንጫውን ወሰደ።

ስለዚህ ውሳኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲወራ ኖሯል። ፈራ የሚሉ አሉ፤ እውነተኛው ጀግንነት እንዲህ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን ጉዳዩን ያጠበበው ይመስለኛል። ላውዳ መፍራቱን እሱ ራሱ አልካደም፤ ስለዚህ የሚያከራክር ነገር የለም። የሚገርመው ሌላ ነው። ከፉጂ 42 ቀን በፊት ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ ይኸው ሰው በፍርሃት ደርቆ ነድቷል፤ ለጋዜጠኞች ግን ፍርሃቱን ቶሎ እንዳሸነፈው ተናግሯል። ከሞንዛ 42 ቀን በፊት ደግሞ ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ ላይ እሳት ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው 42 ቀን ከሞት አፋፍ ተመልሶ መሪ ጨበጠ፣ በሁለተኛው 42 ቀን መጨረሻ መሪውን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ሞንዛ ላይ የዋሸ ሰው ፉጂ ላይ ለምን እንቢ አለ? ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው ይህንን ነው። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የብድር ልጅ

ላውዳ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1949 ቪየና ውስጥ ከናጠጠ ቤተሰብ ተወለደ። አያቱ ሃንስ ላውዳ በኦስትሪያ የኢንዱስትሪ ዓለም ስመ ጥር ነበሩ፤ የቤተሰቡ ስም ከመኪና ውድድር ጋር እንዲነሳ ጨርሶ አልፈለጉም። ልጁ ከአንድ ባንክ ብድር ሊያገኝ ሲል ጣልቃ ገብተው አስቀሩበት። እሱ ደግሞ ወደ ሌላ ባንክ ሄደ፤ የሕይወት ኢንሹራንሱን በዋስትና አስይዞ ተበደረና ማርች በተባለው የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ መቀመጫ ገዛ። ከጅምሩ ሞቱ በወረቀት ላይ ተተምኖለት ነበር ማለት ነው፤ ቢሞት ባንኩ ገንዘቡን ያገኛል፣ ቢተርፍ እሱ ከፍሎ ይጨርሳል። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ይህን ውል ሲፈርም እጁ አልተንቀጠቀጠም ብዬ አላምንም፤ ሆኖም ፈረመ።

የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን ውድድሩ በ1971 በአገሩ በኦስትሪያ ነበር። 1972ን ከማርች ጋር ሙሉውን ተወዳድሮ አንድም ነጥብ አላገኘም። መኪናው ደካማ፣ ዕዳው ከባድ። በ1973 ቢአርኤም ወደሚባል ቡድን ተሻገረ፤ ቤልጅየም ዞልደር ላይ አምስተኛ ወጥቶ የመጀመሪያ ነጥቦቹን አገኘ። የቡድን ጓደኛው ስዊዘርላንዳዊው ክሌይ ሬጋዞኒ ነበር። ሬጋዞኒ ወደ ጣሊያኑ ቡድን ወደ ፌራሪ ሲመለስ የቡድኑ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ስለዚያ ኦስትሪያዊ ልጅ ጠየቁት፤ እሱም ጥሩ ነው ብሎ መሰከረለት። ላውዳ በ1974 ቀዩን መኪና ያዘ።

ሽማግሌው ኤንዞ ፊት ስለቀረበበት የመጀመሪያ ቀን ራሱ ላውዳ ደጋግሞ ይተርከው የነበረ ነገር አለ። መኪናውን ሞክሮ እንደወረደ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። የአቶ ኤንዞ ልጅ ፒዬሮ ነበር የሚያስተረጉመው። ላውዳ መኪናው የማይረባ ነው አለ። ፒዬሮ ደነገጠ፤ እንዲህ ብዬማ አልተረጉምም አለው። ቃሉ ለስለስ ተደርጎ ፊተኛው ጎማ ኩርባ ላይ አልታዘዝ ይላል በሚል ቀረበ። ሽማግሌው ወደ መሃንዲሱ ማውሮ ፎርጊዬሪ ዞረው፣ የሚለውን አስተካክል፤ ፍጥነቱ ካልተሻሻለ ግን ልጁ ከዚህ ይሄዳል አሉ። ፍጥነቱ ተሻሻለ። ያልተለመደ ግልጽነት ነው፣ ለዚያውም በዚያ ቤት። ይህን ታሪክ ያነሳሁት ግን ለግልጽነቱ ብቻ አይደለም፤ የሰውዬውን አሠራር ስለሚያሳይ ነው። መኪና መጥፎ ሲሆን የትኛው ቦታ ላይ መጥፎ እንደሆነ ነጥሎ የሚናገር፣ ቀን ከሌት የሚፈትን፣ ከመሃንዲሱ ጎን የማይጠፋ አሽከርካሪ ነበር።

በ1974 ዘጠኝ ጊዜ ከፊት ተነስቶ ሁለት ጊዜ ብቻ አሸነፈ። በ1975 ግን ካምቢዮው በአግድም የተገጠመባት አዲሷ የፌራሪ መኪና 312ቲ መጣች። ሞናኮን፣ ቤልጅየምን፣ ስዊድንን፣ ፈረንሳይንና አሜሪካን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፌራሪ ከ1964 ወዲህ ሻምፒዮን አሽከርካሪ አልነበረውም። ዋንጫዎቹን ከቤቱ አጠገብ ላለ ጋራዥ ሰጥቶ በምትኩ መኪናው በነጻ እንዲታጠብለት ተስማምቷል፤ ከዋንጫ ይልቅ ንጹሕ መኪና የሚጠቅመው ዓይነት ሰው ነበር።

አንድ ድምፅ

በ1975 ላውዳ የሠራው ሌላ ነገር ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ጀርመን ያለው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር 22.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በጫካና በኮረብታ መካከል ይጠማዘዛል፣ መኪኖቹም አንዳንድ ቦታ ላይ ከመሬት ይነሳሉ። ይህን ዙር በ7 ደቂቃ ውስጥ የጨረሰ ሰው አልነበረም። ላውዳ በማጣሪያው በ6 ደቂቃ ከ58.6 ሰከንድ ጨረሰው፤ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት እዚያው ቦታ ላይ አንወዳደር ብሎ የተነሳውም እሱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነበር። ያን ያህል ርዝመት ባለው ዙር ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኛና አምቡላንስ በየኩርባው ማቆም አይቻልም። አንድ ሰው ሩቅ ቦታ ላይ ቢጋጭ ማን፣ መቼ ይደርስለታል? አሽከርካሪዎቹ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ፤ ሐሳቡ በአንድ ድምፅ ተሸነፈ። ተመልካቹም ወቀሰው። በቦታው ከማንም በላይ ፈጣን የሆነውን ሰው ቦታውን ፈራ ብሎ መውቀስ ሳቅ የሚያመጣ ነገር ነው፤ ነገር ግን ተወቅሷል። በድምፅ ከተሸነፈ በኋላ ግን አላኮረፈም፤ ሌሎቹ ከተወዳደሩ እሱም ይወዳደራል።

ኦገስት 1 ቀን 1976። መንገዱ በከፊል እርጥብ ስለነበር አብዛኛው ሰው በዝናብ ጎማ ተነሳ። አንደኛው ዙር ሲያልቅ መንገዱ መድረቁ ስለታየ ላውዳ ገብቶ ደረቅ ጎማ አስቀየረና የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ወጣ። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ በርግቨርክ ወደተባለው ኩርባ ከመድረሱ በፊት፣ መኪናዋ ድንገት ወደ ቀኝ ተፈናጠረች፣ አጥሩን ጥሳ ከአፈር ቁልሉ ጋር ተላተመች፣ በእሳት ተያይዛ ወደ መንገዱ መሐል ተመለሰች። ከኋላ የመጣው አሜሪካዊው ብሬት ላንገር ሊያመልጣት አልቻለም፤ ገጫት። የላውዳ የራስ ቁር ወልቆ ወድቋል። የኋላ ጎማ የሚይዘው ብረት ተሰብሮ ይሆናል የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ላውዳ ራሱ ስለዚያች ደቂቃ የሚያስታውሰው ነገር አልነበረውም። የቴሌቪዥን ካሜራ በቦታው አልነበረም። ዛሬ የምናየው ምስል አንድ ታዳጊ ተመልካች በትንሽ የ8 ሚሊ ሜትር ካሜራው የቀረጸው ነው።

እንደፈራው ሆነ፤ በሰዓቱ የደረሰለት የእሳት አደጋ ቡድን አልነበረም። ያወጡት ሌሎቹ አሽከርካሪዎች ናቸው፦ ላንገር፣ ጋይ ኤድዋርድስ፣ ሃራልድ ኤርትልና አርቱሮ ሜርዛሪዮ። ጣሊያናዊው ሜርዛሪዮ ነበልባሉ ውስጥ እጁን ሰዶ ቀበቶውን የፈታው ሰው ነው። ላውዳ ፌራሪ ሲገባ ከዚያ ቡድን ቦታ ካጡት አሽከርካሪዎች አንዱ እሱ ነበር፤ ሁለቱ የሚዋደዱ ሰዎች አልነበሩም። ላውዳ ከእሳቱ እንደወጣ በእግሩ ቆሞ ነበር። በኋላ ግን ራሱን ሳተ።

ፎርሙላ ዋን በዚያ ረጅም ዙር ላይ ከዚያ ቀን በኋላ ተወዳድሮ አያውቅም።

ሞንዛ፣ ወይም የሚጠቅም ውሸት

ሰዎች ፊቱን ያስታውሳሉ። ሊገድለው የነበረው ግን የሳበው ጭስና መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሳንባውና ደሙ ተመርዘው ነበር። ማንሃይም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቄስ መጥቶ የመጨረሻውን ቅባት ቀባው። ላውዳ በኋላ እንደተናገረው ቄሱ ቀብቶት ሄደ እንጂ የሚያጽናና አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ንዴቱ ጭራሽ ለመኖር እልህ ሰጠው።

ከቀኝ ጆሮው አብዛኛው ጠፍቷል፤ የራስ ቅሉ ቆዳ፣ ቅንድቡና የዐይን ቆቡ ተቃጥለዋል። የዐይን ቆቡ በቀዶ ጥገና ተሠራለት፤ ዐይን ካልተከደነ መንዳት አይቻልምና። ለመልክ የሚደረገውን ሌላ ቀዶ ጥገና ግን አልፈለገውም። ኋላ ላይ ቀይ ኮፍያ አደረገ፣ የኮፍያውን ግንባር ለማስታወቂያ ሸጠ። ቪሊ ዱንግል የተባለው ኦስትሪያዊ የአካል ብቃት ባለሙያ ከአልጋ አስነስቶ ለመኪና አበቃው።

ፌራሪ ከኦስትሪያው ውድድር ቀርቶ፣ ወዲያው አርጀንቲናዊውን ካርሎስ ሬውተማንን ማነጋገር ጀምሯል። ወሬው ለታማሚው ደረሰው። ሴፕቴምበር 12 ቀን ሞንዛ ላይ ፌራሪ ሦስት መኪና አሰለፈ፤ ለሬጋዞኒ፣ ለሬውተማን፣ ለላውዳ። ላውዳን ያመለጡት ሁለት ውድድሮች ብቻ ነበሩ።

ዓርብ የልምምዱ ቀን ዘነበ። ላውዳ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሲነዳ ሰውነቱ በፍርሃት ተገተረ። ይህን ያወቅነው ከዓመታት በኋላ እሱ ራሱ ስለጻፈው ነው፤ በሰዓቱ ለጠየቁት ሁሉ ፍርሃቱን ቶሎ እንዳሸነፈው ነበር የመለሰው። ለምን እንደዋሸም አስረድቷል፤ ድክመቱን ለተፎካካሪዎቹ ማሳየት ሞኝነት ይሆን ነበር። ቅዳሜ ዘዴ ቀየረ። ሰዓት መቁጠሩን ትቶ፣ ማንንም ላሸንፍ ሳይል፣ ከአደጋው በፊት እንደሚነዳው ረጋ ብሎ መንዳት ያዘ። የሰዓት መዝገቡ ሲታይ አምስተኛ ሆኖ ከሦስቱ ፌራሪዎች ፈጣኑ እሱ ነው። እሑድ አራተኛ ወጣ። የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ከውስጥ የለበሰው ጨርቅ ከፋሻው ጋር ተጣብቆ በደም ርሶ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሞንዛ ላይ የዋሸው ፍርሃቱን ብቻ ነው፤ በመኪናው ላይ፣ በፍጥነቱ ላይ አልዋሸም። ውሸቱ ሥራውን የሚጠብቅ ነበር። ፌራሪ ተተኪ ቀጥሯል፣ ሀንት እየደረሰበት ነው፤ ፈርቻለሁ ብሎ ቢናገር ኖሮ በነጋታው ሌላ ሰው ስለ እሱ ይወስንለት ነበር። ዝም ብሎ ከፍርሃቱ ጋር ድርድር ገባ፣ ድርድሩም ተሳካ፤ ፍርሃቱን የሚያስተዳድርበት መንገድ አገኘ። ጀግንነት የሚባለውን ቃል ለሞንዛ ብንሰጠው አልቃወምም።

ነጥቡ እንዴት ተበላ

ከሞንዛ በኋላ የነበረው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይነገራል፤ ላውዳ በጉዳቱ ምክንያት ቀስ በቀስ መሪነቱን ያጣ ይመስላል። በወረቀት ላይ የሆነው እንደዚህ ነው። ሀንት ስፔን ላይ አሸንፎ መኪናው 1.8 ሴንቲ ሜትር ሰፋ ተብሎ ተሰረዘበት፣ በይግባኝ ተመለሰለት። እንግሊዝ ላይም አሸንፎ ነበር፤ ውድድሩ በግጭት ቆሞ እንደገና ሲጀመር መሳተፍ አልነበረበትም ተብሎ ሴፕቴምበር 24 ቀን ድሉ ተነጠቀ፣ ለላውዳ ተሰጠ። በዚያ ቀን ላውዳ 64፣ ሀንት 47 ሆኑ። ሦስት ውድድር ቀርቶ የ17 ነጥብ ልዩነት፤ አንደኛ የሚወጣው ደግሞ 9 ነጥብ ነው የሚያገኘው።

ሀንት ካናዳንና አሜሪካን በተከታታይ አሸነፈ። ላውዳ ካናዳ ላይ ስምንተኛ ወጥቶ ምንም አላገኘም፤ አሜሪካ ላይ ሦስተኛ ወጥቶ 4 ነጥብ ጨመረ። 68 ለ65። ስለዚህ ፉጂ ሲደርሱ ግስጋሴው ሁሉ በሀንት በኩል ነው። ላውዳ የሚያስፈልገው ማሸነፍ አልነበረም፤ ሀንት ብዙ እንዳይቀድመው መጠበቅ ብቻ ይበቃው ነበር። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ፉጂ

ውድድሩ በዝናቡ ምክንያት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ዘገየ። መንገዱ ላይ ውኃ ተኝቷል፣ ጉም ወርዷል። አብዛኞቹ አሽከርካሪዎች፣ ሀንት ራሱም ጭምር፣ መጀመሩን አልደገፉም። በሌላ በኩል የቴሌቪዥን ስርጭቱ ለብዙ አገር ተሸጧል፤ ቀኑም እየመሸ ነው። አዘጋጆቹ ይጀመር አሉ።

አንድ መኪና በዝናብ ከሌላው ኋላ ሲነዳ ምን እንደሚሆን ላላየ ሰው፦ የፊተኛው ሰፋፊ የኋላ ጎማዎች ውኃውን አንስተው እንደ ግድግዳ ያቆሙታል። ኋላ ያለው መንገዱን አያይም፣ የፊተኛውን መኪና አያይም፣ ቢሽከረከር ከኋላው የሚመጣው እሱን አያየውም። ላውዳ ሦስተኛ ሆኖ ነበር የሚነሳው። አዲስ የተሠራው የዐይን ቆቡ በቅጡ አይከደንም፤ ዐይኑን ማርገብገብ ይቸግረዋል። ይህ ግን ለውሳኔው ዋናው ምክንያት እንደሆነ አድርጎ አላቀረበውም፤ ሌሎች ናቸው በኋላ ሰበብ ያደረጉለት። ምክንያቱ ብሎ የተናገረው በዚያ ሁኔታ መንዳት እብደት መሆኑን ነው። ከዋንጫው ሕይወቱ እንደሚበልጥበትም ጨመረ።

ጉዳዩ የሚበየነው መኪናዋ ከቆመች በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ይመስለኛል። ፎርጊዬሪ ወደ መኪናዋ ጎንበስ ብሎ፣ ለጋዜጠኞች ሞተሩ ተበላሽቷል እንበል አለው። ደግ ሐሳብ ነበር፤ ለልጁም፣ ለፌራሪም ስም የሚበጅ። ማንም አያጣራም ነበር። ላውዳ እንቢ አለ። በራሴ ውሳኔ ነው ያቆምኩት፣ እንደዚያው ይነገር አለ።

ሞንዛ ላይ ውሸትን የተጠቀመበት ሰው እዚህ ለምን ናቀው? ሞንዛ ላይ ውሸቱ የሚከልለው የራሱን ውስጥ ብቻ ነበር፤ የማንንም እጅ አይነካም። የፉጂው ግን ሞተሩን ለሠሩት ሰዎች፣ ሌሊቱን ሲፈቱና ሲገጥሙ ላደሩት መካኒኮች የሚተርፍ ነው፤ ጤነኛ ሞተር ወንጀለኛ ይሆናል። ደግሞም አንድ ጊዜ ሞተሩ ነው ከተባለ፣ በእንዲህ ያለ ዝናብ መወዳደር ልክ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ተዳፍኖ ይቀራል። ኑርቡርግሪንግ ላይ በአንድ ድምፅ የተሸነፈው ጥያቄ ይኸው ነበር። ይህ ሁለተኛው የእኔ ንባብ ነው፤ እሱ እንዲህ አብራርቶ አልተናገረም።

ያን ቀን በፈቃዱ የወጣው እሱ ብቻ አልነበረም። የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑ ኤመርሰን ፊቲፓልዲ፣ ካርሎስ ፓቼና ላሪ ፐርኪንስም አቁመዋል። እነዚህን ማንም ፈሪ አላላቸውም፤ የሚያጡት ዋንጫ ስላልነበረ መሆን አለበት።

ተቃዋሚዎቹ የሚያቀርቡት ጠንካራ መከራከሪያም አለ፣ መሸሽ አይገባም። ዝናቡ ቆመ። መንገዱ ደረቀ። ሀንት ሲመራ ቆይቶ ጎማው አለቀ፤ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀር ገብቶ ቀየረ፣ ወደ አምስተኛ ወረደ፣ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ሬጋዞኒንና አለን ጆንስን አልፎ ከማሪዮ አንድሬቲና ከፓትሪክ ዴፓዬ ቀጥሎ ሦስተኛ ሆነ። ሲወርድ ሻምፒዮን መሆኑን አላወቀም፤ ቡድኑ ላይ እየጮኸ ነበር። ላውዳ ቀጥሎ ቢሆንና አምስተኛ ብቻ ቢወጣ 70 ነጥብ ይሆንለት ነበር። ስድስተኛ ቢወጣ ደግሞ 69 እኩል ሆነው በድል ብዛት ሀንት ይበልጣል፤ እሱ 6፣ ላውዳ 5።

ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን መንገዱ እንደሚደርቅ በሁለተኛው ዙር ላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ውሳኔ ደግሞ በሚታወቀው ነገር ነው የሚመዘነው። ላውዳ ራሱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ ውጤቱን ገና አልሰማም ነበር።

ከፉጂ በኋላ

የጣሊያን ጋዜጦች አልማሩትም። ኤንዞ ፌራሪ በአደባባይ ደገፉት፤ ቤት ውስጥ ግን እምነቱ ተሸርሽሯል። ሬጋዞኒ ተሰናብቶ ሬውተማን ለ1977 ተፈረመ፤ ብራዚል ላይም አሸነፈ። ላውዳ ቀጥሎ ደቡብ አፍሪካ ላይ ድል አደረገ፣ ከዚያ ጀርመንና ሆላንድ። የጀርመኑ ውድድር ከኑርቡርግሪንግ ወጥቶ ሆክንሃይም ገብቶ ነበር፤ በእሳት በተቃጠለ በዓመቱ አሸናፊ ሆኖ ወረደ። በሦስት ድል ብቻ፣ በ72 ነጥብ፣ ሁለተኛ ዋንጫውን ወሰደ፤ አንድሬቲ አራት ጊዜ አሸንፎ እንኳ አልደረሰበትም። ያ የላውዳ ዓመት ነው፤ ሁለተኛ መውጣት ሲበቃ ሁለተኛ የሚወጣ። ሻምፒዮንነቱ አሜሪካ ላይ እንደተረጋገጠ የቀሩትን ሁለት ውድድሮች ሳይጨርስ ከፌራሪ ወጣ። መልእክቱ ለማንም ግልጽ ነበር።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ብራብሃም ገባ፤ በ1979 ሞንትሪያል ላይ በልምምድ መሐል ወርዶ በቃኝ አለና ላውዳ ኤር የተባለውን አየር መንገዱን ወደ ማቋቋም ሄደ። እዚያም ማንም አላስቆመውም፤ እንደ ፉጂ ራሱ ቆመ። በ1982 በማክላረን ተመለሰ። በ1984 ከቡድን ጓደኛው ከአለን ፕሮስት ጋር ተናነቀ። ፕሮስት ሰባት ጊዜ፣ ላውዳ አምስት ጊዜ አሸነፉ፤ ዋንጫውን ግን ላውዳ በ72 ለ71.5 ወሰደ። በፎርሙላ ዋን ታሪክ ከዚያ የጠበበ ልዩነት የለም። ያ ግማሽ ነጥብ የመጣው ከሞናኮ ነው፤ በዶፍ ዝናብ ውድድሩ ገና በግማሽ ሲቆም ፕሮስት አንደኛ ነበርና በ9 ፋንታ 4.5 ነጥብ ተሰጠው። ሳይቆም ቀርቶ ሁለተኛ ወጥቶ 6 ነጥብ እንኳ ቢያገኝ በ73 ሻምፒዮን ይሆን ነበር። በዝናብ ምክንያት በአንድ ነጥብ ያጣውን ከስምንት ዓመት በኋላ በዝናብ ምክንያት በግማሽ ነጥብ አገኘ፤ ልቦለድ ላይ ብናነበው አናምንም። በ1985 መጨረሻ ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተ፤ 25 ድልና 3 ዋንጫ።

ሞተሩ ነው ወይስ ሰውየው?

የፉጂው ጥያቄ ግን ተመልሶ መጥቷል፤ ለዚያውም በከባዱ። ሜይ 26 ቀን 1991 ከባንኮክ ወደ ቪየና የተነሳ የላውዳ ኤር ቦይንግ 767 ታይላንድ ጫካ ላይ ተከሰከሰ። 223 ሰው ሞተ። ላውዳ ወደ ቦታው ሄዶ ስብርባሪው መሐል ተመላለሰ። አየር መንገዱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ መዝጋት እንደሚኖርበት ለራሱ ወስኗል።

ምርመራው በአየር ላይ ፈጽሞ መከፈት የሌለበት ነገር መከፈቱን አረጋገጠ፤ አውሮፕላን ካረፈ በኋላ የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት አዙሮ የሚያቆመው መሣሪያ፣ በግራው ሞተር ላይ፣ ገና ከፍታ እየጨመሩ ሳለ ተከፍቷል። ጥያቄው አብራሪዎቹ ሊቆጣጠሩት ይችሉ ነበር ወይ የሚል ሆነ። ቀደም ሲል በዝቅተኛ ፍጥነት የተደረገ ሙከራ ይቻላል የሚል ግምት ሰጥቶ ነበር። ላውዳ ራሱ አብራሪ ነበር፤ በማስመሰያ መሣሪያ ሞከረው፣ አልተቻለም። ሲያትል ወደ ቦይንግ ሄዶ፣ እሱ እንደተረከው፣ እውነተኛ 767 ስጡኝ፣ እኔው አየር ላይ እከፍተዋለሁ፣ ይቻላል ካላችሁ አብራችሁኝ ተሳፈሩ አላቸው። አልተሳፈሩም። በዚያ ፍጥነትና ከፍታ አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ውጪ እንደሚሆን በመግለጫ እንዲናገሩ ጠየቀ፤ ተናገሩ።

ፉጂ ላይ ጤነኛ ሞተር በእሱ ፋንታ እንዲከሰስ አልፈቀደም፤ እዚህ ደግሞ የሞቱት ሁለት አብራሪዎች በሞተሩ ፋንታ እንዲከሰሱ አልፈቀደም። ከዚያ ምርመራ በኋላ በቦይንግ 767ዎች ላይ ያ መሣሪያ በአየር ላይ እንዳይከፈት የሚያግድ ተጨማሪ ቁልፍ ተገጠመ።